ባሌን በማር ያሰርኩበት ማማ

ቅናተኛ ነኝ። ይህን የምለው ልናዘዝ ፈልጌ አይደለም፤ ለንስሐ ከሆነ የነፍስ አባት አለኝ። የምነግራችሁ ቅናቴ አንድ እሑድ ከመርሳ አስነስቶ፣ ኮምቦልቻ አንድ የድንጋይ ማማ ላይ አውጥቶ፣ ዛሬ ድረስ የምኖረውን ኑሮ ስላስጀመረኝ ነው። ቅናት ቤት ያፈርሳል ይላሉ። የእኔ ቤት አልፈረሰም። እንዲያውም አንድ ክፍል ተጨመረበት፤ ማን እንደገባበት ኋላ ላይ ታያላችሁ።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው፣ ከድርቁ ማግስት ባሉት ዓመታት። አባቴ መርሳ ላይ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ ጨው፣ ላምባና ሳሙና የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። ሞላን ያገኘሁት እዚያው ሱቅ በር ላይ ነው። ወልዲያ ጋራዥ መካኒክ ነበርና ከተማችን የቆመ የጭነት መኪና ሊጠግን መጥቶ፣ ከመኪናው ሥር ወጥቶ ሳሙና ጠየቀኝ። ፊቱ ሁሉ ግራሶ ነው፤ የሚታየው ጥርሱ ብቻ ነበር። ሳሙናውን ሰጠሁት፣ ውሃም አፈሰስኩለት። እናቴ ከውስጥ ሆና ታየን ኖሮ ማታ ላይ፣ "ለመካኒክ ሁሉ ውሃ ስታፈሺ አላየሁም" አለችኝ። በዓመቱ ተጋባን።

ከሠርጋችን ብዙም ሳይቆይ ሞላ ኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ በጥገና ክፍል ተቀጠረ። ደመወዙ ከጋራዡ ይሻላል፤ ቤት ግን ጠፋ። ከሥራ ጓደኛው ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ስለተከራየ፣ ደህና ቤት እስኪገኝ እኔ መርሳ ከወላጆቼ ዘንድ እንድቆይ፣ እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲመጣ ተስማማን። እናቴ ነገሩን አልወደደችውም። "ባል እንደ ደብዳቤ በመኪና የሚላክ ነገር ነው?" ትል ነበር።

መጀመሪያ መጀመሪያ ይመጣ ነበር። ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ ተለጥፎ ይመጣል፤ እኔ ደጃፍ ላይ አስቀምጬው አንድ በአንድ እለቅምለታለሁ። እሱ ታዲያ ስለ እኔ አይጠይቅም፣ ስለ ፋብሪካውም ብዙ አያወራም። ወሬው ሁሉ ማማው ነው። ከፋብሪካዎቹ በላይ ባለ ጉብታ ላይ የቆመ የድንጋይ ግንብ አለ፤ ጥልያን የአሰብን መንገድ ሊጠብቅበት ሠራው፣ አርበኞች ደግሞ ደማቸውን ከፍለው ነጠቁት፣ አሁን የወደቁት መታሰቢያ ነው ይለኛል። በበዓል ቀን ካድሬዎቹ ተማሪ አሰልፈው ባንዲራ ይዘው ይወጡበታል። በሌላው ቀን ሠራተኛው ንፋስ ይቀበልበታል። "ጫፉ ላይ ስትቆሚ አገሩ ሁሉ ይታያል፤ አንድ ቀን እወስድሻለሁ" ይለኛል። ያ አንድ ቀን ግን አልመጣም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰው ላይ ከመቅናቴ በፊት ድንጋይ ላይ ቀናሁ።

ከዚያ ቅዳሜዎቹ መዝለል ጀመሩ። አንዴ ማሽን ተበላሸ፣ አንዴ ተረኛ ነኝ፣ አንዴ መኪና አጣሁ። በሹፌር እጅ ስኳርና ሰላምታ ይልክልኛል። ስኳሩን እናቴ ተቀበለች፤ ሰላምታውን እኔ። ሁለታችንም አልጣመንም።

አንድ ቀን በላይነሽ ሱቅ መጣች። በላይነሽ ከኮምቦልቻ ብትን ጨርቅ እያመጣች መርሳ ገበያ የምትቸረችር ጎረቤታችን ናት። ክብሪት ልግዛ ብላ መጣች እንጂ ክብሪት እንዳላት አውቃለሁ።

"የሺ፣ ባልሽን አየሁት" አለች።

"ደህና ነው?"

"ደህናማ ነው። ወደዚያ ማማ ሲወጣ ነው ያየሁት።"

"ማማ ይወዳል።"

"ማማውስ ምን አለበት። አብራው የምትወጣዋ ናት እንጂ።"

እጄ ላይ የነበረውን የሳሙና ካርቶን አስቀመጥኩ። "ማን ናት?"

"እኔ ምን አውቄ። ቢጫ ሻሽ አስራለች፣ ምሳ ዕቃ አንጠልጥላለች። ጠይቄ ነበር፤ ዘሀራ ነው የሚሏት፣ እዚያው ፋብሪካ ፈትል ክፍል ናት አሉኝ። ለነገሩ ምንም ላይሆን ይችላል። ብቻ ቆንጆ ናት። ቆንጆን ቆንጆ አለማለት ኃጢአት ነው።"

በሌላ አገር ቢሆን "እስላም ናት፣ እሱ ክርስቲያን ነው" ብዬ እጽናና ይሆናል። ወሎ ላይ ይህ አያስተኛም። የገዛ አክስቴ ባል ስሙ አሊ ነው፤ በልጆቻቸው ሠርግ ሁለት ድንኳን ተጥሎ ሁለት ዓይነት ሥጋ ተበልቷል። ስለዚህ ሃይማኖት አይጠብቅልኝም። ሌሊቱን ሙሉ ያቺን ቢጫ ሻሽ በሐሳቤ ስፈታና ሳስር አደርኩ።

ጠዋት ለእናቴ ኮምቦልቻ እሄዳለሁ አልኳት።

"ምን ልታደርጊ?"

"ማማውን ላይ።"

እናቴ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። "ልጄ፣ ዝም ብለሽ ብትቀመጪ በጊዜው ይመጣል። የቆጡን አወርድ ስትይ የብብትሽን እንዳትጥይ።"

"የብብቴን ሰው ወስዶታል እኮ" አልኳት።

ያኔ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጣት አያስደፍርም ነበርና ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ የአባቴ ወዳጅ ናቸው። "ለምን ጉዳይ ነው?" አሉኝ። "ባሌን ልጠይቅ ነው" አልኩ። "ታሟል እንዴ?" "አይ፣ የታመምኩትስ እኔ ነኝ።" ሳቁና ማኅተሙን መቱልኝ። እናቴ ስትሸነፍ ጊዜ ሲሪንቃ ያለው አጎቴ የላከውን ነጭ ማር በጠርሙስ ሞልታ ሰጠችኝ። "ማር ይዞ የሄደ ሰው ለጠብ መጣ አይባልም" አለች። ከጊራና የመጣ ብርቱካንም ጨመረችልኝ።

እሑድ በማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተቀምጠዋል። ውርጌሳ ስንደርስ አውቶቡሱ ቆመና ሴቶቹ ፓፓያና ሙዛቸውን በመስኮት እየዘረጉ ሲጮኹ፣ እኔ ግን ፊቴን እንኳ አላዞርኩም። ሽማግሌው ቆይተው፣ "ልጄ፣ መኪናውን የምትነጂው አንቺ ነሽ እንዴ?" አሉኝ።

"ለምን አሉ አባባ?"

"እግርሽ ከመርሳ ጀምሮ ነዳጅ እየረገጠ ነው።"

እግሬን አየሁት። እውነትም ወለሉን አጥብቄ ረግጫለሁ። ሰበሰብኩት፤ ሐይቅን ስናልፍ ግን ተመልሶ ረገጠ።

ኮምቦልቻ የደረስኩት ወደ ቀትር ነው። ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊት ላይ ይገርፋል፤ የፋብሪካዎቹ ጭስ ከጣሪያው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ንፋስ የለም። እየጠየቅሁ የሞላን ክፍል አገኘሁት። አብሮት የሚኖረው ደጉ የሚባል ልጅ ካልሲውን እያጠበ ነበር። ማን እንደሆንኩ ስነግረው እጁን ከሳፋው ውስጥ ማውጣት ረሳ።

"ሞላ የለም?"

"ማማው ላይ ነው። እሑድ እሑድ እዚያ ነው።"

"ከማን ጋር?"

ካልሲውን አየ። "ከአባ ይመር ጋር" አለ። "የማማው ዘበኛ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው።" መልሱን ለመናገር የፈጀበትን ጊዜ ያዝኩት። ብርቱካኑን እዚያው ጥዬ ማሩን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ማሩን ለምን እንደያዝኩት ያኔ ብትጠይቁኝ አላውቅም ነበር፤ ምናልባት ባዶ እጄን እንዳልሆን ነው።

ጉብታው ከታች ሲያዩት ቅርብ ይመስላል። ነጠላዬ በላብ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። ከማማው ፊት ለፊት ያለ ግራር ጋ ስደርስ ድምፅ ሰማሁና ቆምኩ። ማማው ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ጠባብ በር አለው፣ ከግርጌው አንዲት የቆርቆሮ ጎጆ ተለጥፋለች። ከጎጆዋ በር ላይ አንድ ያረጁ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ ሰው ተቀምጠዋል። ሞላ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቁጢጥ ብሏል። አንዲት ሴት ብብታቸውን ይዛ ጀርባው ላይ ታሳፍራቸዋለች። ቢጫ ሻሽ አስራለች።

በላይነሽ አልዋሸችም። ቆንጆ ናት። የደከመ፣ ለራሱ የማይታወቀው ዓይነት ቁንጅና ነበር፤ እሱ ደግሞ የባሰ ነው፣ ራሱን የሚያውቅ ቁንጅና ቢሆን እጠላው ነበር።

ሞላ ሽማግሌውን አዝሎ ተነሣ። ሴትየዋ ጫማቸውን አውልቃ ያዘች፣ ከዘራቸውንና ምሳ ዕቃውን አነሣች። በሩ ላይ ሲደርሱ ሞላ ቆመ፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገብቶበታል፤ እጆቹ ሽማግሌውን ስለያዙ መጥረግ አልቻለም። ያን ጊዜ ዘሀራ የሻሿን ጫፍ አነሣችና ግንባሩን ጠረገችለት። ይህ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም፤ ለታመመም ይጠረጋል፣ ለልጅም ይጠረጋል። ባሌ ግን ጎንበስ አለላት። እንዲመቻት አንገቱን ዝቅ አደረገ። እኔ ከፀጉሩ ብናኝ ስለቅምለት ዝቅ እንደሚያደርገው አድርጎ።

እዚያ ግራር ሥር የተሰማኝን በቃል አላሳምርላችሁም። ቀናሁ። ልጩህ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ግን ሽማግሌ ያዘለ ሰው ላይ እንዴት ይጮኻል? ዘጋሁትና ተከተልኳቸው።

የማማው ውስጥ ጨለማና ቀዝቃዛ ነው። ደረጃው እየዞረ ይወጣል። ከበላዬ የሞላን ትንፋሽ እሰማለሁ፤ ሽማግሌው "አብሽር ልጄ፣ ቀስ በል፣ አብሽር" ይሉታል። ሴትየዋ ዝም ብላለች። የዝምታዋ ነገር ከሁሉ የበለጠ አናደደኝ፤ ዝምታ የሚኖረው በሚግባቡ ሰዎች መካከል ነው።

ጫፉ ላይ ስወጣ ሽማግሌው ከግንቡ ጋር ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሞላ ጀርባውን ቀጥ እያደረገ ዞር ሲል አየኝ።

"የሺ?" አለ። ደነገጠ፣ ወዲያው ደግሞ ደስ አለው። ደስታው ድንጋጤውን ተከትሎ ስለመጣ አልቆጠርኩለትም።

"ማን ናት?" አሉ ሽማግሌው።

"ሚስቴ ናት አባ።"

"እሰይ። እንኳን በደህና መጣሽ ልጄ። ነይ፣ እዚህ አጠገቤ።"

"እንደምን ዋሉ አባ" ብዬ ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥኩ። ዘሀራ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችኝ። ፊቷ ቀልቷል፤ የሙቀቱ ይሁን የሌላ አላወቅሁም። ወዲያው ምሳ ዕቃውን ፈታ እንጀራ በሽሮ ዘረጋች፣ የመጀመሪያውንም ጉርሻ ለእኔ ዘረጋችልኝ። ጉርሻ አይመለስም። ጎረስኩት። ሽሮው ጣፋጭ ነበር፤ ያም አናደደኝ።

"ባልሽን ቀማሁሽ አይደል?" አሉኝ አባ ይመር። "ወላሂ ጥፋቱ የእግሬ ነው። ያን ጊዜ ይህን ማማ ጥልያን ሲይዘው በንጋት መጥተን ነው የነጠቅነው። ታናሽ ወንድሜ ሁሴን ከሁላችንም ቀድሞ ደረጃውን ሮጠ። አሁን አንቺ የወጣሽበት መጨረሻዋ ደረጃ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ሳምንት ሳልወጣ፣ እዚህ ተቀምጬ ዱዓ ሳላደርግለት ቀርቼ አላውቅም። አምና ክረምት እግሬ እምቢ አለኝ። ታች ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ይህ ባልሽ አገኘኝና ጀርባውን ሰጠኝ። ይኸው እስከ ዛሬ።"

ማማ ላይ ወጥቶ እታች ያለውን የማያይ ሰው ካለ እኔ ነኝ። ሞላ ስንት ጊዜ ያወራልኝ የፋብሪካ ጣሪያ፣ የቦርከና ወንዝ፣ ወደ አሰብ የሚወርዱት ከባድ መኪኖች ሁሉ እግሬ ሥር ነበሩ። እኔ የማየው ሁለቱን ነው። ዘሀራ ውሃውን ስታቀብለው ሳያያት ተቀበላት፤ እጅዋ የት እንዳለ ያውቃል።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ስለ ማማው ስነግርሽ አልነበር?"

"ስለ ማማው ነገርከኝ። ስለ ሻሹ አልነገርከኝም።"

የዘሀራ እጅ ወደ ሻሿ ሄደ፣ ተመለሰ። አባ ይመር አንዴ እኔን አንዴ እሷን አዩ። ዓይናቸው ደክሟል ብዬ ነበር፤ አልደከመም።

"አባ፣ ዘሀራ ምንዎ ናት?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ልጄ ናት። ከአብራኬ አልወጣችም፤ የጡት ልጄ ናት። በድርቁ እናት አባቷን ቀብራ ብቻዋን እዚህ ስትደርስ፣ እኔም ልጅ የለኝም፣ በምስክር ፊት ጣቴን አጠባኋት።"

የጡት ልጅነትን ያላየ አንባቢ ካለ ልንገረው። እኛ ዘንድ ሰው ዘመድ ሲያጣ ዘመድ ይሠራል። አባት የሚሆነው ሰው አውራ ጣቱን ማር ይቀባል፣ ልጅ የሚሆነው በምስክር ፊት ያን ጣት ይጠባል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጅ ነው፤ ይጦራል፣ ይወርሳል፣ አባቱ ሲሞት ያለቅሳል። የዚያ ሰው ልጆችም ወንድምና እህቱ ይሆናሉ። ማንም በእህቱ ላይ ዓይኑን አይጥልም። ቢጥል አገር ይተፋበታል፣ ዝናብ ይቀራል ይባላል።

ማሩ እቅፌ ውስጥ ነበር። ያኔ ነው ለምን እንደያዝኩት የገባኝ።

"ታዲያ ሞላስ ምንዎ ነው?" አልኩ።

"ሞላ ጉልበቴ ነው።"

"ጉልበት ብቻ ሆኖማ አይቀርም አባ። በየሳምንቱ የሚያዝልዎ ሰው ባዳ ሆኖ ይቅር? እሱንም የጡት ልጅዎ ያድርጉት። ማር ይዣለሁ። ዛሬ፣ አሁን፣ እዚሁ።"

ከታች የአንድ ከባድ መኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሞላ መጀመሪያ ያየው እኔን አይደለም፤ ማሩንም አይደለም። ዘሀራን ነው ያየው። ያቺን እይታ ዛሬም ሥዕል ሣዪ ብትሉኝ እሥላታለሁ። አንድ ነገር ከእጁ ሲወድቅ የሚያይ ሰው እይታ ናት። ዘሀራ አላየችውም፤ ወደ ፋብሪካዋ ጭስ ዞራ ነበር።

አባ ይመር ጢማቸውን ዳሰሱ። "ልጄ፣ አንቺ አጥር ነው የምታጥሪው" አሉኝ በዝግታ። "አጥር ጥሩ ነው። ግን ዘመድ ስትሠሪ በርም ትሠሪያለሽ። አስበሽዋል?"

"አስቤዋለሁ አባ" አልኩ። አላሰብኩም ነበር። እኔ አጥሩን ብቻ ነው ያየሁት።

"አንተስ ሞላ?"

ሞላ ጉሮሮውን ጠራረገ። "አባት አላደለኝም፤ እርስዎን ማግኘት ለእኔ ክብር ነው።" መልሱ ጥሩ ነበር፤ የዘገየው ነው የከፋው።

"ዘሀራ፣ አንቺስ? ወንድም ትፈልጊያለሽ?"

እንቢ ብትል ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር፤ እንቢ ካለች ባሌ ሄደ ማለት ነው፣ ሁላችንም እናውቀው ነበር። በመጨረሻ ዞረች። ዓይኗ ደርቋል። "አልሐምዱሊላህ" አለች። "ወንድሞቼ በድርቁ አልቀዋል። አንድ ቢሰጠኝ አልመልስም።" መጥታም ከእቅፌ ጠርሙሱን ወሰደች፣ የተቋጠረበትን ጨርቅ ፈታች፣ የአባ ይመርን አውራ ጣት ይዛ ራሷ ማሩን ቀባችው። እኔ ልቀባ ነበር ያሰብኩት። ቀደመችኝ።

ንፋስ ሊቀበሉ የመጡ ሁለት ሠራተኞች ከታች ተጠርተው ምስክር ሆኑ። ሞላ ተንበርክኮ የሽማግሌውን ጣት ጠባ። አባ ይመር እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው፣ "ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነህ። የሁሴን ምትክ፣ የዘሀራ ወንድም ነህ። ብትክዳት እኔን ከዳህ፣ ብትከዳህ እኔን ከዳች። አላህ ያጽናችሁ" አሉ። "አሚን" አልን። ከሁሉም ድምፅ ጎልቶ የተሰማው የእኔ ነበር።

ስንመለስ ሞላ አባቱን አዝሎ ቀድሞ ወረደ። እኔና ዘሀራ ደረጃው ላይ ወደ ኋላ ቀረን። ጨለማው ፊቷን አያሳየኝም፤ ቢያሳየኝ ኖሮ አልጠይቃትም ነበር።

"ወደሽው ነበር?" አልኳት።

"እኔ እንጃ" አለች። "ለራሴ አልነገርኩትም ነበር። እሑድ ሲደርስ ግን ሻሼን አጥብ ነበር።" ሁለት ደረጃ ወረድን። "አንቺ ከእኔ ቀድመሽ አወቅሽው። ምንም አላደረግንም፤ ይህን እንድታምኚኝ ነው የምፈልገው።"

"አምንሻለሁ" አልኳት። አመንኳት። ማመኔ ግን ምንም አላበረደልኝም፤ ካደረጉ ሰዎች ይልቅ ያላደረጉ ሰዎች ያስቀናሉ፤ የቀረባቸው ነገር አያልቅም።

አሸንፌ ወደ መርሳ ተመለስኩ። በላይነሽን አግኝቼ "ያቺ ሴት የባሌ እህት ናት" ስላት አፏ ተከፍቶ ቀረ። ብዙ ሳይቆይ ቤት ተገኘና ኮምቦልቻ ገባሁ። አባ ይመር አማቼ ሆኑ፤ ልብሳቸውን አጥቤያለሁ፣ ገንፎ አብልቻለሁ፣ ምርቃታቸውንም ጠግቤያለሁ። እሑድ እሑድ አራታችን እንወጣ ነበር። ላቡን የምጠርገው እኔ ነኝ፤ ለዚሁ ብዬ ፎጣ ይዤ እሄድ ነበር። ዘሀራም እህቱ ስለሆነች ቤታችን ሳታንኳኳ ትገባለች፣ ድስት ከፍታ ታያለች፣ ሸሚዙ ቁልፍ ከጎደለው ትተክልለታለች። ምን ልበላት? የወንድም ሸሚዝ ነው።

በሌላ ዓመት ክረምት አባ ይመር ሞቱ። ወንዶቹ ቀብረው ሲመለሱ እኔ ድንኳኑ አጠገብ ከጓዳ ሴቶች ጋር ውሃ እየቀዳሁ ነበር፤ ምራት ነኝና ቦታዬ እዚያ ነው። ሞላ የወደቀ ልጅ መስሎ ገባ። ዘሀራ ከለቀስተኛው መሃል ተነሣች፣ "ወንድሜ" ብላ ጠራችው፣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱም ጭንቅላቱን ትከሻዋ ላይ አሳረፈና እንደዚያ ሆኖ ሲያለቅስ አይቼው የማላውቀውን ልቅሶ አለቀሰ። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ለቀስተኛው ሁለቱንም ባንድ ላይ "አብሽሩ፣ አላህ ያጽናችሁ" እያለ ያልፋል። ሰባት ሰው የሚቀመጥበት መደብ ላይ ለእኔ ቦታ አልነበረም።

መርሳ ሆና ሰምታ ለለቅሶ የመጣችው በላይነሽ አጠገቤ ቆማ ነበር። ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች፣ "ወንድምና እህት እንዲህ ሲዋደዱ እንዴት ደስ ይላል" አለች። ከልቧ ነው ያለችው።

"አዎ" አልኳትና ጀርባዬን ሰጥቻት አለቀስኩ። ሴቶቹ ከበቡኝ፤ ጥሩ ምራት ነበርሽ፣ ወደውሽ ነው የሞቱት አሉኝ።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡ፣ ፍረዱ። ያን ዕለት ማር ባልይዝ፣ ዝም ብል፣ ምናልባት አንድ ቀን ሌላ ሰው ያገባት ወይም ሞላ ራሱ ይወስዳት ነበር፤ ወይም ነገሩ በራሱ ጊዜ ይበርድና ዛሬ ስሟንም ባልሰማ ነበር። እኔ ግን ባሌን አስቀረሁት፤ በምትኩ በአገር ፊት፣ በምስክር ፊት፣ ማንም የማይነቅፈውን እቅፍ ለእሷ ሰጠሁ። ሰዎች "አልተጸጸትሽም ወይ?" ይሉኛል። አልተጸጸትኩም። ዛሬም ማር ብታቀርቡልኝና ያ ደረጃ ፊቴ ቢቆም እወጣዋለሁ። የተለወጠው ይህ ነው፦ ቅናት የሚያልቀው ሰውየውን ስትይዙት ይመስለኝ ነበር። ይዤው ነው መቅናቴን የቀጠልኩት።

ሞላ ጡረታ ሲወጣ ወደ መርሳ ተመለስን። ዘሀራ አግብታ ልጆች ወልዳለች፤ ልጆቿ ሞላን "አጎቴ" ይሉታል። ለአረፋም ለፋሲካም ከኮምቦልቻ በአውቶቡስ ትመጣለች። በሩን አታንኳኳም፤ ሰላምታችን ሞቅ ያለ ነው፣ አንገት ለአንገት እንሳሳማለን፣ ሻንጣዋን ተቀብያት ወንበር አወጣላታለሁ። ሳትቀመጥ ዓይኗ ቤቱን ይዞራል። ማንን እንደምትፈልግ አውቃለሁ። "ጓሮ ነው ወንድምሽ፣ ግቢ" እላታለሁ። "ወንድምሽ" የምትለዋን ግን ጎረቤት እንዲሰማት አድርጌ ነው የምላት።